በነሐስ የቆሙና በመንዙማ የሚጠሩ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በራሱ ኃይል አይደለም። አንድ ሕያው ሰው ሲቀርጸው፥ ሲያዜመው ወይም ሲጽፈው ነው። ከብዙ ሺህ ሙታን መካከል የማን ስም እንዲነሣና የማን ስም እንዲረሳ የሚመርጠውም ሟቹ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የቀረው ነው። ስለዚህ መታሰቢያ ስለ ሟቹ ከሚነግረን ይልቅ ስለ መራጩ የሚነግረን ይበዛል። ዛሬ የምንመለከተው ይህ ምርጫ እንዴት እንደሚፈጸምና እኛም በዚህ ረገድ ምን ድርሻ እንዳለን ነው።

በመጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ስንሄድ የምናልፍባቸውን ሐውልቶች እንመልከት። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ፋሽስት ኢጣልያ ከተማዋን በያዘ ጊዜ ይህን ሐውልት ከቦታው አስነሥቶ አስቀበረው። ነሐስ ጠመንጃ አይተኩስም፤ ጠላት ግን የአድዋው ንጉሥ በፈረሱ ላይ ሆኖ በአደባባይ እየታየ ሕዝቡ ተሸንፌአለሁ ብሎ እንደማያምን ዐውቆ ነበር። ከነጻነት በኋላም ሐውልቱ እንደገና ቆመ። ሐውልት ለጌጥ ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ፥ ለመቅበርም ሆነ መልሶ ለማቆም ያን ያህል ድካም ባላስፈለገ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በግፍ ለተገደለው ሕዝብ የቆመ ነው። የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሽኒች የሚባሉ የዩጎዝላቭያ ቀራጮች ናቸው። የእነርሱም አገር በዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመንና በኢጣልያ ጦር ተወርሮ ስለ ነበር፥ ኀዘናችን ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። በነሐስ የተሠራው ቅርጽ ግድያውንና ልቅሶውን ያሳያል። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ አስታውቋል። ሆኖም እያንዳንዱ ሟች ማን እንደ ነበረ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነና በየትኛው ሰፈር እንደ ወደቀ ሐውልቱ አይነግረንም። ቅርጹ ቆሟል፤ ስሙ ግን ጠፍቷል።

የአቡነ ጴጥሮስ ነገር ከዚህ ይለያል። እኒህ አባት ሕዝቡን ለጠላት እንዲገዛ ስበኩ ቢባሉ እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሐውልቱ መልካቸውን አቆመልን፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» በሚለው ተውኔቱ ደግሞ በመጨረሻዪቱ ሰዓት በልባቸው የነበረውን ጭንቀት በቃል አሰማን። በ2005 ዓ.ም. ስለ ባቡር መንገድ ሥራ ሐውልቱ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስም ተደሰተ። የሟቹ ሥራ በትምህርትና በተውኔት ስለሚታወቅ፥ ድንጋዩ ሕያው ሆኖ ኖረ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፥ ሐውልት የሚጸናው የሚናገርለት ሰው ሲኖር እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ የከተማው አደባባይ የሚመርጠው ንጉሥን፥ ሰማዕትንና አርበኛን ነው። ነሐስ ለማስቀለጥ አቅም የሌለው የገጠር ሕዝብስ የሚወደውን ሰው በምን ያስታውሳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በደሴ መንገድ እስከ ጨፋ ሸለቆ ድረስ እንውረድ።

በመንገዳችን ላይ፥ ደብረ ሲና ሳንደርስ ጣርማ በር ላይ በኢጣልያ ዘመን የተቆፈረ ዋሻ እናልፋለን። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይለዋል። ሙሶሊኒ አንድ አካፋ አፈር አላነሣበትም፤ ድንጋዩን የፈለጡት ሠራተኞች ግን በስም የሚጠራቸው የለም። ማንም ይህን ስም በዐዋጅ አላጸደቀም፤ በልማድ ብቻ ጸና። ስለዚህ መታሰቢያ ሳናስበውም የሚሰጥ ነገር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጨፋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው፥ ረግረግና ለምለም ሣር ያለበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ሸለቆው ይመጣሉ። ኦሮሞው፥ አማራው፥ አርጎባውና አፋሩ በገበያና በግጦሽ ይገናኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በግጦሹ ምክንያት ይጣላሉ። በእንዲህ ያለ አገር ከሁሉ የሚፈለገው ሰው የሚያስታርቅ ሰው ነው። የሸለቆው ሕዝብ ለመታሰቢያ የመረጠውንም ሰው ብንመረምር ይህንኑ እናገኛለን።

የዚህ መታሰቢያ ዋና መሣሪያ መንዙማ ነው። መንዙማ የወሎ ዑለማ የሚደርሱት፥ በድቤና በጭብጨባ የሚዜም ግጥም ነው። በዐረብኛ፥ በአማርኛና በኦሮምኛ ይደረሳል፤ አማርኛውና ኦሮምኛው በዐረብ ፊደል ሲጻፍ «ዐጀም» ይባላል። በመጀመሪያ አላህንና ነቢዩን ያወድሳል፤ ቀጥሎም በዕውቀታቸው፥ በዱዓቸውና በደግነታቸው የታወቁትን ሼኾች ያነሣል። ፉከራና ሽለላ ገዳዩን በጀግንነቱ ሲያወድሱ፥ መንዙማ መምህሩንና ለእንግዳ ማዕዱን የዘረጋውን ያወድሳል። ሁለቱም የአገራችን ኪነ ጥበብ ናቸው፤ የመረጡት ጀግና ግን የተለያየ ነው።

ከከሚሴ ወጣ ብሎ በተራራ ላይ በምትገኘው፥ በድንጋይ ቤቶቿ በታወቀችው የአርጎባ መንደር በሾንኬ የሼኽ ጀውሀር ቢን ሐይደር ስም ይከበራል። እኒህ ሰው ስማቸው የቀረው በማስተማራቸው ነው። በዚሁ ዞን የምትገኘው የጥሩ ሲና ሐድራም በዱዓዋና በሽምግልናዋ ትታወቃለች። የተጣሉ ሰዎች ከልዩ ልዩ ወገን ወደዚያ እየመጡ ይታረቃሉ። በዚህ ስፍራ የሟቹ ሼኽ መታሰቢያ መቃብሩ ብቻ አይደለም፤ በስሙ የሚፈጸመው ዕርቅ ጭምር ነው። ነሐሱ ሰውን ያሳያል፤ ይህ ግን የሰውየውን ሥራ ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ የቃል መታሰቢያ አንድ ታላቅ ጉድለት አለው። አዋቂው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ይህን የተረዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህር ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው። የወሎን ሼኾች ታሪክ ከብራና፥ ከወረቀትና ከሽማግሌዎች አፍ እየሰበሰቡ ጻፉ፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የወሎ እስልምና ያዘጋጁት መጽሐፍም በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከመጽሐፉ መውጣት በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆዩ በ2009 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። እርሳቸው በጊዜው ባይጠይቁ ኖሮ፥ ከመለሱላቸው ሽማግሌዎች ጋር ስንት ታሪክ ይቀበር እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

አሁን ደግሞ ነሐሱም መንዙማውም ያልደረሰበትን ኀዘን እናንሣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሺህ ሰው በረኃብ አልቋል። ከሁሉ የበረታው በቆላው ክፍል በሚኖሩት በአፋርና በኦሮሞ ከብት አርቢዎች ላይ ነበር። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም እህል ፍለጋ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። በ1965 ዓ.ም. ወሎን አይተው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያነሣው ፊልም በውጭ አገር ሲታይ ዓለም ነገሩን ዐወቀ። ነገሩን ቀደም ብለው የሚያውቁ ሹማምንት ግን ዝምታን መርጠው ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ልንዘነጋ አይገባንም፤ ያ ዝምታ በቢሮ ውስጥ፥ በእንደኛ ባሉ ሰዎች እጅ የተፈጸመ ነውና።

ለእነዚያ ሙታን እንደ አርበኞች በየአደባባዩ ሐውልት ሲቆም አላየንም። ምክንያቱ ምንድን ነው? በረኃብ የሞተ ሰው አልተዋጋም፥ አልፎከረም፥ «እንቢ» ብሎ በአደባባይ አልተናገረም። ጀግና የሌለው ኀዘን ቀራጭ አያገኝም። ሆኖም ያቺን የመጨረሻ ቁራሽ ለልጇ ሰጥታ እርሷ በመንገድ ዳር የቀረች እናት ጀግና አይደለችም የሚል ማነው?

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ፥ በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ከልዩ ልዩ ወገን ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን ያስታውሳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንዱን ወገን እንባ ብቻ የሚያዜም ዘፈን ለልጆች የሚያወርሰው ኀዘንን ሳይሆን ቂምን ነው። የጎረቤቱን ሟች በስሙ የሚጠራ መታሰቢያ ግን ሁለቱን ኀዘንተኞች በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። የጨፋ አባቶች ከተዋጊው ይልቅ አስታራቂውን በመንዙማ ያነሡበት ጥበብ ዛሬ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

እንግዲህ መታሰቢያ ለማቆም፥ መንገድ ወይም ትምህርት ቤት በሰው ስም ለመሰየም ሐሳብ ሲቀርብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ የምናስታውሰው ሰው ያደረገው ሥራ ልጆቻችን እንዲደግሙት የምንወደው ነውን? ሁለተኛ፥ መታሰቢያው ጎረቤታችን አብሮን ሊቆምበት የሚችል ነውን? ሦስተኛ፥ ስሙ፥ ቦታውና ዘመኑ በትክክል ተጽፏልን? በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር የሟቾቹን ፎቶግራፍ በተራ አሰልፎ ያሳያል። ጎብኚው ቁጥር ቆጥሮ አይወጣም፤ እያንዳንዱን ፊት እያየ ያልፋል።

ውድ አንባብያን፥ ከእናንተ መካከል ሐውልት የማሠራት ሥልጣን ያለው ጥቂት ነው። ብዕርና ወረቀት የሌለው ግን የለም። ፊደል ያስቆጠራችሁ መምህር፥ በክፉ ቀን እህሏን ያካፈለች ጎረቤት፥ ደም የተቃቡትን ያስታረቀ ሽማግሌ በእያንዳንዳችሁ ሕይወት ይገኛል። የእነዚህ ሰዎች ስም በየትኛውም መዝገብ ላይኖር ይችላል። ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገራችሁ በምትሄዱበት ጊዜ ከሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። የሰሙትን መንዙማ፥ ያዩትን ክፉ ዘመን፥ የቀበሩትን ሰው ስም ከነአባቱና ከነመንደሩ ጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱን አትርሱ። አንዱን ቅጂ ለልጆቻችሁ፥ ሌላውን በአቅራቢያችሁ ለሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ወደፊት የሚነሣው ቀራጭ ወይም ባለ ቅኔ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።