ስሙ ከአውሮፓ፣ ሥራው ከታይዋን፦ ውድ ብስክሌቶች የሚመረቱት የት ነው?

በአውሮፓውያኑ 2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የተሰለፈበት ላምፕሬ ሜሪዳ የጣሊያን ቡድን ቢሆንም፣ በስሙ ውስጥ ያለው ሜሪዳ ግን የታይዋን ብስክሌት አምራች ነው። ከስምንት ዓመታት በኋላ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ የነዳው ብስክሌት ክዩብ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነበር። የዚህ ኩባንያ ፍሬሞችም፣ እንደ አብዛኞቹ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ፣ የሚመጡት ከእስያ ፋብሪካዎች ነው።

ብስክሌት ከጣሊያኖች ጋር በገባባት አሥመራ ጥሩ ብስክሌት ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው የጣሊያን ስም ቢሆን አያስገርምም። ይሁን እንጂ ስሙና የተሠራበት ቦታ ከተለያዩ ቆይተዋል።

ዋጋቸው ከአሥር ሺህ ዶላር የሚበልጥ ብስክሌቶች ስለምን ከባለቤታቸው አገር ርቀው ይመረታሉ? የተለመደው መልስ «እዚያ ጉልበት ርካሽ ስለሆነ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው።

የውድድር ብስክሌት ፍሬም በአብዛኛው የሚሠራው ከካርቦን ፋይበር ነው። ሙጫ የጠጣ የካርቦን ጨርቅ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይቆረጣል፤ ሠራተኛው እያንዳንዱን ቁራጭ በተሰጠው ንድፍ መሠረት አንዱን በሌላው ላይ በእጁ ይደርባል። የፍሬሙን ጥንካሬና ቅለት የሚወስነው ክሮቹ የተዘረጉበት አቅጣጫ ነው። የተዛነፈ ወይም የተጨማደደ ቁራጭ፣ በመካከል የቀረ የአየር አረፋም ፍሬሙን ሊያዳክም ይችላል። ከዚያም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሆኖ በሙቀትና በግፊት ይጠነክራል፣ ይሞረዳል፣ ይቀባል። ማሽን ይህን የእጅ ሥራ ገና ሙሉ በሙሉ አልተካውም። ስለዚህ የሠራተኛው የሰዓት ክፍያ ትልቅ ቦታ አለው፤ የሠራተኛው ልምድ ግን ከዚያ አያንስም።

ይህ ልምድ ወደ ታይዋን እንዴት እንደተሻገረ ለመረዳት የሽዊንን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በ1895 በቺካጎ የተመሠረተው ሽዊን ለብዙ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ ብስክሌት መለያ ነበር። በ1980 የቺካጎ ፋብሪካው ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ ኩባንያው ፊቱን በ1972 ወደተቋቋመው የታይዋኑ ጃያንት ይበልጥ አዞረ፤ ከትዕዛዙ ጋርም የምህንድስና ዕውቀት አብሮ ሄደ። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ አብዛኞቹን የሽዊን ብስክሌቶች የሚሠራው ጃያንት ነበር። ሽዊን ይበልጥ ርካሽ አምራች ፍለጋ ወደ ቻይናዋ ሼንዘን ሲያማትር ጃያንት በራሱ ስም መሸጡን አጠናከረ። በ1992 ሽዊን ከሰረ። ጃያንት ደግሞ ከዓለም ታላላቅ ብስክሌት አምራቾች አንዱ ለመሆን በቃ።

ዛሬ በታይቹንግ ከተማና በአካባቢዋ ፍሬም ሠሪው፣ ቀለም ቀቢው፣ መለዋወጫ አምራቹ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ የሆነው የማርሽ አምራች ስራም ሳይቀር እዚያ ፋብሪካ አለው። ይህን ሁሉ በአንድ የአሜሪካ የገጠር ከተማ እንደ አዲስ ማሰባሰብ ከደመወዝ ልዩነቱ ይልቅ የሚከብድ ይመስላል። ፍሬሞቹ ላይ «በአሜሪካ በእጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፍ የነበረው ካነንዴል በፔንሲልቬኒያ ቤድፎርድ ያካሂድ የነበረው ምርት ወደ ታይዋን እንዲዛወር የተወሰነው በ2009 ነው።

የጣሊያኑ ኮልናጎ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይለያል። ከ2020 ጀምሮ አብላጫ ድርሻው የአቡዳቢ ባለሀብቶች የሆነው ይህ ኩባንያ «ሲ» በሚለው ፊደል የሚጀምሩትን ዝነኛ ብስክሌቶቹን በጣሊያን ይሠራል። ታዴይ ፖጋቻር የ2024ቱን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈበት የ«ቪ» ብስክሌት ፍሬም ግን የተሠራው በእስያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አገር ውስጥ የሚሠራው ለወዳጁ፣ ባሕር ማዶ የሚሠራው ለአሸናፊው ሆኗል።

ደግሞስ «አገር ውስጥ የተሠራ» ማለት ምን ማለት ነው? የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ይህን ስያሜ የሚፈቅደው ምርቱ ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል በአገሪቱ ከተሠራ ብቻ ነው። የካርቦን ክሩ ከጃፓኑ ቶሬይ፣ ማርሹ ከጃፓኑ ሺማኖ ለሚመጣ ብስክሌት ይህ ቀላል መስፈርት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከ1993 ጀምሮ በቻይና ብስክሌቶች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ይጥላል፤ መጠኑም በ2005 ወደ 48.5 በመቶ ከፍ ብሏል።

ከቀረጡም በላይ የሚከብድ ጥያቄ የተነሳው በ2025 ነው። የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጃያንት በታይዋን የሚያመርታቸው ብስክሌቶችና መለዋወጫዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ በመስከረም ወር አገደ። ምክንያቱ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ታይተዋል የሚል ሲሆን፣ የዕዳ እስራት፣ የደመወዝ መያዝና ከመጠን ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ ተጠቅሰዋል። በታይዋን ፋብሪካዎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አገራት የሚሄዱ ስደተኞች ናቸው፤ ለሥራ ለመመልመል ለደላላ የሚከፍሉት ገንዘብ ከመነሻው ባለዕዳ ያደርጋቸዋል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ልጆቹን ለላከ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጃያንት እገዳው እንዲነሳ እንደሚያመለክት፣ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህም የአዲስ ተቀጣሪዎችን የምልመላ ወጪ ራሱ እንደሚሸፍን ገልጿል። እገዳው የሚመለከተው በታይዋን የሚመረቱትን ብቻ ነው። ኩባንያው በቻይና፣ በቬትናምና በሃንጋሪም ፋብሪካዎች አሉት።