ጓያ እግርን የሚያሽመደምደው ለምንድን ነው?

ዝናብ ሲያጥር ወይም ጎርፍ ማሳውን ሲያበላሸው ሌላው አዝመራ ጠፍቶ ጓያ ብቻ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ጓያ ለወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግርን እንደሚያሽመደምድ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ ደላንታ ዳውንት የደረሰው ጉዳት ለዚህ ምስክር ነው። ለመሆኑ አጥንቱ ሳይሰበር እግር ስለ ምን አልታዘዝ ይላል? መልሱን የምናገኘው ከነርቭ ሕዋስ አሠራር ነው።

የነርቭ ሕዋስ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም አስኳሉን የያዘው የሕዋሱ አካል፣ እንደ ቅርንጫፍ ተዘርግተው መልእክት የሚቀበሉት ዴንድራይቶች፣ እንዲሁም መልእክቱን ወደ ሌላ ሕዋስ የሚያደርሰው ቀጭን ዘንግ፣ ማለትም አክሰን ናቸው። ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር እስከ ወገብ የሚወርደው አክሰን ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ሕዋሱ ዕረፍት ላይ ሳለ የውስጡ የኤሌክትሪክ ኃይል ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ያንሳል። ቀስቃሽ ሲመጣ በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው ሶዲየም አዮኖች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ወዲያው ፖታሲየም አዮኖች ወደ ውጭ ይወጡና ሚዛኑ ይመለሳል። ይህ ለውጥ አጠገቡ ያለውን ክፍል እየቀሰቀሰ እስከ አክሰኑ ጫፍ ይዘልቃል። አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ሂደቱን ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ግዙፍ አክሰን ላይ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በሒሳብ ቀመር ገልጸውታል። ማይሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን ባላቸው አክሰኖች የመልእክቱ ፍጥነት በሴኮንድ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል።

በአክሰኑ ጫፍና በቀጣዩ ሕዋስ መካከል ሲናፕስ የተባለ ጠባብ ክፍተት አለ። መልእክቱ ይህንን የሚሻገረው በኬሚካል ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዋነኛው ቀስቃሽ ኬሚካል ግሉታሜት ሲሆን፣ ቁልፍ ከቁልፍ ቀዳዳ ጋር እንደሚገጥም ከተቀባዩ ጋር ይገጥማል፤ ሥራውን ሲጨርስም ከስፍራው ይነሣል።

የጓያ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ግሉታሜትን ስለሚመስል የግሉታሜትን በር ይከፍታል። ሕዋሱ ከልክ በላይ ይቀሰቀስና ይጎዳል፤ ይሞታልም። ይበልጥ የሚጠቁት እግርን የሚያዝዙት፣ ረጃጅም አክሰኖች ያሏቸው ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ ስለማይተኩ እግሩ እንደ ተገተረ ይቀራል።

በአንዳንድ አካባቢዎች ጉዳቱ ከጓያ እንፋሎት እንደሚመጣ ይታመናል። መርዙ ግን ያለው በሚበላው ቂጣ፣ ሽሮና ቆሎ ውስጥ ነው። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ኦዳፕን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብም አደጋውን ያቃልላል። ችግሩ ግን በድርቅ ዘመን የሚዘፈዘፍበት ውኃም ሆነ የሚቀላቀል እህል በቤት ውስጥ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የጓያን ጉዳት ከሁሉ በላይ የሚከላከለው፣ ለረሃብተኛው ቀድሞ የሚደርስ እህል ነው እንላለን።