ስለቱ የደነዘ መሣሪያ ጉልበት ይጨርሳል

የመስከረም ዝናብ አባርቶ የሱሉልታ ሜዳ ሣር መጠውለግ ሲጀምር፣ ማጭድ ከተሰካበት ጣሪያ ሥር ይወርዳል። ድርቆሹ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ የወተት ላሞች ቀለብ በመሆኑ አጨዳው ቀን አይሰጥም። ሣሩ ከሚገባው በላይ ከቆየ አገዳው ይጠነክራል፤ የመኖነት ጥቅሙም ይቀንሳል። በ2015 ዓ.ም. ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታና በቡራዩ ዳርቻ የቀረው እርሻም እህሉ ከደረሰ በኋላ ፋታ የለውም። በዚህ ወቅት አጫጁን ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ የደነዘ ማጭድ ነው።

የማጀቱ ቢላዋ ደግሞ ጨርሶ የተረሳ ነው። ማጭዱ በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ይሄዳል፤ ሽንኩርትና ጎመን የሚከተፍበት ቢላዋ ግን የሚታወሰው በበዓል ዋዜማ፣ በጉ ደጅ ላይ ከታሰረ በኋላ ነው። ደንዝ ቢላዋ ሽንኩርቱን ይጨፈልቃል። ባለቤቲቱ ኃይል ጨምራ ስትጫነው አዳልጦ እጇ ላይ ያርፋል። ሰው የሚፈራው ስሉን ቢላዋ ነው፤ ሳይታሰብ የሚያቆስለው ግን ደንዙ ነው።

ቢላዋን በሲሚንቶ ደረጃ ጠርዝ ላይ መፋተግ፣ ወይም ሁለት ቢላዋ እርስ በርስ ማፋጨት የተለመደ ነው። ይህ ለአንድ ምሳ ያህል ያገለግል እንደሆነ እንጂ ስለቱን ይሸራርፈዋል። በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ የሚስሉም አሉ። ብልጭታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብረቱ ግሎ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ለቅቋል ማለት ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ጥሩ ቢላዋ እንኳ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም።

ለመሳያ የሚሆን ድንጋይ ቅንጣቱ ደቃቅና እኩል፣ ፊቱም ዝርግ መሆን አለበት። የእንጦጦና የወጨጫ ተራሮች ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ሲሆን፣ ቀዳዳ ወይም ጎላ ያለ ጠጣር ቅንጣት ያለው ስለቱን ስለሚጭር ለዚህ ሥራ አይመረጥም። በዓባይ ሸለቆ የሚገኘውን የመሰለ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቅንጣቱ ደቃቅ ከሆነ፣ ይሻላል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ፊት ነው፤ አንዱ ሻካራ፣ ሌላው ልስልስ። የተጻፈው ቁጥር በጨመረ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ ከ240 እስከ 400 የተሸራረፈውን ለማስተካከል፣ 1000 ደግሞ ስለት ለማውጣት ያገለግላል።

ዋናው ጥበብ ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ይዞ መቆየት ነው። ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ እንዳይንሸራተት በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ቢላዋው በጎኑ ይተኛና ጀርባው ብቻ ከፍ ይደረጋል። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢላዋ ጀርባው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ማዕዘኑ ወደ 15 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህ ለአትክልት ይበቃል። ከአጥንት ጋር ለሚገናኝ ቢላዋ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢጠጋ ስለቱ ቶሎ አይሸረፍም። ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ ሳይጫኑና ሳይቸኩሉ፣ ስለቱን አስቀድሞ ከድንጋዩ ላይ ስስ ነገር እንደመላጥ እየገፉ መሳል ነው። ጥቂት ቆይቶ በተቃራኒው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ቅሪት ይወጣል። አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ ውጭ፣ ስለቱን ሳያቋርጡ፣ ቢያንሸራትቱት ይሻክራል። ይህ ቅሪት ከዳር እስከ ዳር ሳይወጣ ቢላዋውን መገልበጥ ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። በሌላው ጎን ከተደገመ በኋላ ቅሪቱ በልስልሱ ፊት እያፈራረቁ በቀስታ ይነሣል። የበሰለ ቲማቲም ሳይጫኑት ከተቆረጠ ተስሏል።

ለማጭድ አሠራሩ ይለያል። ማጭዱ ቆልማማ ስለሆነ እርሱን አጽንቶ ይዞ ድንጋዩን በስለቱ ላይ ማንሸራተት ይሻላል፤ አጫጁም ትንሽ ድንጋይ ኪሱ ይዞ በየዕረፍቱ ቢያስነካው ቀኑን ሙሉ ያገለግለዋል። ጥርስ ያለው ማጭድ ግን በዝርግ ድንጋይ ቢሳል ጥርሱ ይጠፋል። እርሱ የሞረድና የቀጥቃጭ ሥራ ነው።

ለእያንዳንዱ ቤት ድንጋይ መግዛት የግድ አይደለም። የማኅበር መሪዎች አጨዳው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ለየመንደሩ አንድ ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ በመዋጮ ቢያስገዙና የአካባቢውን ቀጥቃጭ ዋጋውን ከፍለው ግማሽ ቀን እንዲያሳይ ቢጠሩት ይበቃል። በዚያ ቀን ሴቶች ከነቢላዋቸው ቢመጡ ይመረጣል፤ ቢላዋው የሚውለው በእነርሱ እጅ ነውና። የጋራ ድንጋይ ቶሎ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ በዝርግ ሲሚንቶ ላይ አሸዋና ውሃ ጨምሮ ፊቱን ማሸት መልሶ ያስተካክለዋል። ድንጋዩን የሚይዘው ሰው ይህን ሥራ ጨምሮ እንዲረከብ ያስፈልጋል።