ሚሊ ቦቢ ብራውን፦ ዓለም እያያት ያደገችው «ኢለቨን»

«ይቺ ልጅ ምን ሆነች? አሮጊት መሰለች እኮ!»

ስለ ሚሊ ቦቢ ብራውን የተለቀቀ ቪዲዮ ሥር ገብታችሁ ኮመንቱን ካነበባችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳታገኙ አትወጡም። ልጅቷ የተወለደችው ግን በየካቲት 2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በቃ፣ የብዙዎቻችሁ እኩያ ናት ማለት ነው። ታዲያ ሰው ፊቷ ላይ ለምን እንዲህ ተረባረበ? ነገሩ እንዲገባን ከ«ስትሬንጀር ቲንግስ» በፊት ከነበረው እንጀምር፤ ያ ክፍል ብዙም አይወራም።

ሚሊ እንግሊዛዊት ብትሆንም የተወለደችው ስፔን ውስጥ፣ ማርቤያ የምትባል ከተማ ነው። ለቤተሰቧ ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ናት። አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ወደ እንግሊዝ ተመለሱ፤ ቦርንመዝ ገቡ። ስምንት ዓመት ገደማ ላይ ደግሞ ጓዛቸውን ጠቅልለው አሜሪካ፣ ኦርላንዶ። ስትወለድ ጀምሮ አንድ ጆሮዋ ላይ የመስማት ችግር ነበረባት፤ እያደር ያ ጆሮ ጭራሽ መስማት አቆመ። ስትዘፍንም ስትተውንም የራሷን ድምፅ ሙሉ በሙሉ እንደማትሰማው ራሷ ተናግራለች።

ኦርላንዶ ሳሉ ቅዳሜና እሁድ የትወና ትምህርት ትሄድ ነበር። እዚያ ተሰጥኦ የሚፈልግ አንድ ባለሙያ አያትና ወላጆቿን «ይቺን ልጅ ሆሊውድ ውሰዷት» አላቸው። ወሰዷት። ስድስት ሰው በአንዲት ትንሽ ልጅ ተስፋ ከተማ ቀየረ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። በ2013 «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዎንደርላንድ» ላይ ትንሿን አሊስ ሆና ብቅ አለች። በ2014 ደግሞ «ኢንትሩደርስ» በሚባል ተከታታይ ድራማ የጎልማሳ ወንድ ነፍስ የገባባትን ልጅ ሆና ተወነች። የአስፈሪ ልብወለድ ንጉሥ የሚባለው ስቴፈን ኪንግ ሳይቀር አይቷት በትዊተር አድንቋታል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ክፍል እዚህ፣ አንድ ክፍል እዚያ፦ «ኤንሲአይኤስ»፣ «ሞደርን ፋሚሊ»፣ «ግሬይስ አናቶሚ»። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በወቅቱ እንደተዘገበው ወላጆቿ ገንዘባቸው አልቆ ከማናጀሯ እስከ መበደር ደረሱ፤ በመጨረሻም ወደ እንግሊዝ ተመልሰው ዘመድ ቤት ተጠጉ።

ለ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተፈትና ሳትመረጥ የቀረችውም በዚያ ጊዜ ነው። ያኔ በጣም ተስፋ ቆርጣ ትወናውን ልትተወው እንደነበር በ2020 በጂሚ ፋሎን ሾው ላይ ተናግራለች። ዕድሜዋን አስቡት፦ 11 ዓመት ገደማ። በዚያ ዕድሜ እኛ ተስፋ የምንቆርጠው በሒሳብ ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ቤተሰብ በልጅ ገቢ ላይ ሲንጠለጠል የሚመጣውን መዘዝ ሆሊውድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተወነው ጃኪ ኩገን የሚባል ሕፃን ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሠራ፤ አድጎ «ገንዘቤስ?» ሲል እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን አጥፍተውታል። በ1938 ከሰሳቸው፤ ያገኘው ግን ከሠራው ጥቂቱን ነው። ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች። ዛሬ በዚህ ሕግ መሠረት ከልጅ ተዋናይ ክፍያ 15 በመቶው ወላጅ በማይነካው ሒሳብ ይቀመጣል። የሚሊ ወላጆች እንዲህ አደረጉ እያልኩ አይደለም፤ ማንም አላለም። ግን ሕጉ የሚጠብቀው ገንዘቡን ብቻ ነው። «እኔ ካልተመረጥኩ ቤተሰቤ ምን ይሆናል?» የሚለውን ሐሳብ ከልጅ ጭንቅላት የሚያወጣ ሕግ የለም።

እንግዲህ የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» የምልመላ ጥሪ የመጣው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ራሷን በቪዲዮ ቀርጻ ላከች፤ ተመረጠች። ቀረጻው በ2015 መጨረሻ ሲጀመር 11 ዓመቷ ነበር። ፀጉሯ መላጨት ነበረበት። ዳይሬክተሮቹ የዳፈር ወንድማማቾች ለማሳመን ያሳዩዋት ሻርሊዝ ቴሮን «ማድ ማክስ» ላይ ተላጭታ የተወነችበትን ፎቶ ነው።

የመጀመሪያውን ሲዝን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ኢለቨን አትናገርም ማለት ይቻላል። ሁሉንም ነገር በዓይኗ ነው የምትሠራው። ፍርሃቱን፣ ረሃቡን፣ ንዴቱን። እኔ አሁንም ድረስ ከሠራችው ሁሉ ያንን ሲዝን ነው የማስቀድመው። በሐምሌ 2016 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በ2017 በ13 ዓመቷ ለኤሚ ሽልማት ታጨች፤ በቀጣዩ ዓመት ደገመችው። በ2018 በ14 ዓመቷ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች፤ በድርጅቱ ታሪክ እንደሷ ትንሽ ልጅ አልተሾመም።

እዚያው 2018 ላይ ግን ትዊተርን ዘግታ ወጣች። የሆነው ይሄ ነው፦ ሰዎች ፎቶዋ ላይ ፈጽሞ ያልተናገረችውን የጥላቻ ንግግር እየለጠፉ አሰራጩ። አብዛኛው ለቀልድ ብሎ ነው የጀመረው። ያልነቃበትም ሼር አደረገው። የ14 ዓመት ልጅ ናት እኮ! ሚዲያውም ቢሆን አልማራትም፤ ገና ሕፃን ሳለች እንደ ትልቅ ሴት አድርገው አቀረቧት። 16 ዓመቷን ስትይዝ በለቀቀችው ቪዲዮ እነዚያን ሁሉ አርዕስተ ዜናዎች ሰብስባ አሳየች፤ ስድቡና ለዕድሜዋ የማይመጥነው ንግግር እንደጎዳትም ጻፈች።

እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ2019 «ፍሎረንስ ባይ ሚልስ» የተባለውን የመዋቢያ ምርቷን አወጣች። በ2020 የወጣው «ኢኖላ ሆምስ» ላይ ዋና ተዋናይት ብቻ ሳትሆን ከታላቅ እህቷ ጋር ፕሮዲዩሰርም ነበረች። ለኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። ፕሮዲዩሰር ማለት ውሳኔው ላይ ድምፅ ያለው ሰው ማለት ነው። በ11 ዓመቷ ሌሎች «ትመረጥ፣ አትመረጥ» እያሉ የወሰኑባት ልጅ አሁን ወሳኞቹ መሐል ተቀመጠች።

ሁሉም አልሰመረላትም። በ2023 «ናይንቲን ስቴፕስ» የሚል ልብወለድ በስሟ ወጣ። ታሪኩ በ1943 ለንደን ውስጥ፣ በቤትናል ግሪን የምድር ባቡር ጣቢያ 173 ሰዎች የሞቱበትን አደጋ ይነካል፤ መነሻውም አያቷ የነገሯት ነው። መጽሐፉን አብራት የሠራችው ካትሊን ማክገርል የምትባል ደራሲ ነበረች፤ ሽፋኑ ላይ ግን የሚሊ ስም ብቻ። ሚሊ ደራሲዋን በግልጽ አመስግናታለች፤ ቢሆንም ትችቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌላ ሰው ለፍቶ ከጻፈ ስሙ ሽፋኑ ላይ ይግባ።

አሁን ወደ ፊቷ ጉዳይ እንመለስ። በመጋቢት 2025 «ዘ ኤሌክትሪክ ስቴት» የተባለውን ፊልሟን ስታስተዋውቅ ፀጉሯን ብሎንድ ቀይራ፣ ተኳኩላ ወጣች። ወዲያው ስለ «ማርጀቷ» ጽሑፍ በጽሑፍ ሆነ። ኢንስታግራም ላይ በቪዲዮ መልስ ሰጠች፤ የጻፉትን ሰዎች ስማቸውን እየጠራች፣ አርዕስታቸውን እያነበበች። ይሄ ጋዜጠኝነት ሳይሆን ማስፈራራትና ማዋረድ ነው አለች። ሰዎች በመጀመሪያው ሲዝን እንደነበረችው ደርቃ እንድትቀር የሚፈልጉ እንደሚመስሉ፣ ስላደገች ግን ይቅርታ እንደማትጠይቅ ተናገረች።

አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። አምስቱ ሲዝኖች ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ወሰዱ። የመጀመሪያው በ2016፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ታኅሣሥ 31፣ 2025። በታሪኩ ውስጥ ግን ያለፈው ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ኢለቨን ገና ልጅ ናት። ከዚያ ላይ የ2016ቱ ክሊፕ ዛሬም ቲክቶክ ላይ ይዞራል። ያቺን የተላጨች ሕፃን ጠዋት አይቶ ማታ ያደገችውን ሴት ሲያይ፣ ሰው ይደነግጣል። በመሐል ያለፈው ጊዜ ስልኩ ላይ የለም።

እሷ በ2024 አግብታለች፤ በነሐሴ 2025 ደግሞ ከባለቤቷ ጋር ሴት ልጅ በጉዲፈቻ መውሰዳቸውን አሳወቁ። ሦስተኛው «ኢኖላ ሆምስ»ም በ2025 ቀረጻው ተጀምሯል፤ ዋና ተዋናይቷ አሁንም እሷ ናት።