በረዶ የመታው ነጭ ሽንኩርት ወዲያው አይነቀል

በደጋ አገር የክረምት በረዶ በጓሮ የተተከለውን ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉን ሰነጣጥቆ ሲያነጥፈው፥ ተስፋ ቆርጦ የሚነቅለው ገበሬ አለ። እንዲህ ያደረገ ሰው የከርሞ ዘሩን በገዛ እጁ ያጣል። አዲስ ቅጠል የሚወጣበት እምብርት ከሥሩ አጠገብ በቅጠሎቹ ሽፋን ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛልና፥ ቅጠሉ ቢጎዳም ተክሉ ብዙ ጊዜ አይሞትም።

ስለዚህ በረዶው ካባራ በኋላ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

1ኛ፤ በመደቡ ላይ የተኛውን ውሃ ቦይ ቀዶ ማፍሰስ፤ ውሃ የተኛበት ራስ ይበሰብሳል።

2ኛ፤ አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን ቅጠል አለመቁረጥ፤ ከመሬት ውስጥ ያለውን ራስ የሚቀልበው እርሱ ነውና።

3ኛ፤ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ሥሩን ሳይነኩ በቀስታ መኮትኮት።

4ኛ፤ ራስ መቋጠር ካልጀመረ፥ በደንብ የተብላላ ፍግ መጨመር። ራስ ከቋጠረ በኋላ ግን ፍግም ሆነ ዩሪያ መጨመር መድረሻውን ያዘገያል፤ ሽንኩርቱም ሲቀመጥ ቶሎ ይበላሻል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከመካከሉ አዲስ ቅጠል ያወጣው ድኗል። እምብርቱ ለስልሶ የሸተተውን ብቻ ነቅሎ ከጓሮው ማራቅ ነው። በመከር ጊዜ ቁስል ያለበት ራስ ለወጥ ይዋል፤ ለዘር ግን ጤነኛው ተመርጦ ይቀመጥ።