ተጠየቅ፦ መልሱን በሰሚው ልብ የሚያኖር ጥያቄ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ ቀድሞ በሞላው የኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ደርቦ ለማስቀመጥ «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሲወተውት፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ቀና ብለው «እኛስ ሰው አይደለንም ወይ?» ሲሉ ሰማሁ። ረዳቱ «ሰው ናችሁ እንጂ» ብሎ አልመለሰላቸውም፤ እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ዳሩ ግን መልሱ በተሳፋሪው ሁሉ ልብ በአንድ ቅጽበት ደርሶ ነበርና፣ ረዳቱ ጥቂት ካቅማማ በኋላ ተደራቢውን ሰው አውርዶ በሩን ዘጋው። በሰዋስው ሕግ ሲመረመር የእኒያ እናት ቃል ጥያቄ ነው፤ በሥራው ሲመዘን ግን ይግባኝ የሌለው ፍርድ ሆኖ ይገኛል።

ባለቅኔዎችና የተውኔት ጸሐፍት ከጥንት ጀምሮ ሲገለገሉበት የኖሩት፣ የሥነ ጽሑፍ መምህራንም ከዘይቤ ወገን ቈጥረው «ተጠየቅ» የሚሉት መሣሪያ ይኸው ነው። ቃሉ በችሎትም የኖረ ቃል ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ ማር ወይም ፈረስ እየተወራረዱ «ተጠየቅ» «ልጠየቅ» ሲባባሉ፣ ነገር አዋቂ የተባለው ተሟጋች የማያውቀውን ነገር ከባላጋራው አይጠይቅም፤ በቃል ጥበብ ወደ ጠባብ በር እየነዳ፣ ከአንድ መልስ በቀር በማይገኝበት ስፍራ አስቁሞ ይጠይቀዋል እንጂ። ባላጋራው ቢመልስም ዝም ቢልም፣ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ መልሱን በልቡ ሰጥቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ተጠየቅን «መልስ የሌለው ጥያቄ» እያሉ የሚተረጕሙት ሰዎች ነገሩን አሳንሰውታል እላለሁ፤ መልሱ አለ፣ የሚናገረው ሰው ብቻ ተለውጧል።

አሠራሩ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። «ማን ያውቃል?» ያለ ሰው ማንም እንደማያውቅ፣ «አላልኩህም ነበር?» ያለም በእርግጥ ብሎ እንደነበረ መናገሩ ነው፤ አዎንታው አሉታን፣ አሉታውም አዎንታን አርግዞ ይመጣል። ግእዝ ለጥያቄ በቃል ጫፍ የሚገቡትን «ኑ» እና «ሁ» ሲይዝ፣ አማርኛችንም «ን»፣ «ወይ»፣ «እንዴ» የተባሉትን ያዘ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን «ስ» ነው፤ አንድ ፊደል በስም ጫፍ ተለጥፎ፣ ግሥ ሳያስፈልገው ብቻውን ጥያቄ ይሆናልና። ለምሳሌ እንዲሆነን፣ ልጇን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስለምትሸኝ እናት እኔው የገጠምሁትን ላቅርብ፦

ሻንጣሽ ተመዘነ፣ ኪሎው ተነገረ፤
እንባዬስ? ማን ደፍሮ በቁና ሰፈረ?

ሁለተኛውን ስንኝ «እንባዬን ግን ማንም አልሰፈረውም» ብለን ብንገለብጠው ምሥጢሩ ሳይጐድል ኀይሉ ሁሉ ይፈስሳል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው አነጋገር እናቲቱ የሰሚውን እጅ ይዛ ወደ ሚዛኑ ስትወስደው፣ በሁለተኛው ግን ቆማ ወሬ ትነግረዋለች። «ስ» የምትለዋ ፊደልም ሻንጣውንና እንባውን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ አንዱ ሲመዘን ሌላው መዘንጋቱን ያለ አንዳች ማብራሪያ ታስታውቃለች።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። በቦሌ መድኃኔ ዓለም በጥቅምት 27 ወይም በመጋቢት 27 ቀን ክብረ በዓል ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው፣ ከቅኔው ዐይነቶች አንዱ ባለ ሦስት ቤቱ «ሚበዝኁ» መሆኑን ይሰማል፤ ስሙ የተወሰደው ከሦስተኛው መዝሙረ ዳዊት መነሻ ቃል ሲሆን፣ ዳዊት የሚያስጨንቁት ሰዎች ስለ መብዛታቸው የሚያሰማው፣ ከጥያቄና ከአንክሮ መካከል የቆመ ጩኸት ነው። ቁጥራቸውን ንገረኝ ማለቱ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። በመጽሐፈ ኢዮብም እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገር ለኢዮብ ሙግት በጥያቄ ላይ ጥያቄ ይደረድራል እንጂ ማብራሪያ አይሰጥም። የአንድምታው መምህር ግን «ለምን ቢሉ» ብሎ ጠይቆ ወዲያው ራሱ ይመልሳልና የእርሱ ጥያቄ ከተጠየቅ ወገን አይደለም፤ ለተማሪው ዕረፍት እንደሚሰጥ እንደ ደረጃ መወጣጫ ያለ ነገር ነው።

ከአማርኛ ባለቅኔዎች መካከል ይህን ዘይቤ ወደ ከፍታው ያደረሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ያስገደላቸውን አቡነ ጴጥሮስን ርእሰ ነገር ባደረገው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ሥራው፣ አቡኑ ፊታቸውን ወደ ገዳዮቻቸው አይመልሱም፤ ወደ እመ ብርሃን አንጋጠው፣ ኢትዮጵያን እንዴት እንደ ጨከነችባት በ«ምነው» ይጠይቋታል። «ምነው» የተሠራው ከ«ምን» እና ከ«ነው» ነው፤ ነገር ግን «ምነው ዘገየህ?» ሲሉት ወቀሳ፣ «ምነው በመጣ!» ሲሉት ምኞት፣ ብቻውን «ምነው?» ሲሉት ደግሞ የእናት ርኅራኄ ይሆናል። ሊሞት ጥቂት ደቂቃ የቀረው ጳጳስ ወቀሳውንም፣ ምኞቱንም፣ ልመናውንም በአንድ ትንፋሽ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቃል ከወዴት ያገኝ ነበር? ደግሞም የሚጠየቁት እመቤት በመድረኩ ላይ የሉም፤ ዝምታቸው በአዳራሹ ላይ ይወርድና መልሱን የመስጠት ዕዳ በተመልካቹ ጫንቃ ላይ ይቀራል።

ግጥምና ተውኔት የሚለያዩትም በዚህ ነው። የግጥም አንባቢ ብቻውን ነውና በልቡ መልሶ ገጹን ይገልጣል፤ በመድረክ ግን ከጠያቂው ፊት ሌላ ሰው ቆሟል፤ ከዚያም በላይ ጨለማው ውስጥ የተቀመጠው ሕዝብ አለ። ሼክስፒር ይህን አሳምሮ ያውቅ ስለነበረ፣ በ«ጁሊየስ ቄሳር» አንቶኒዮስን በቄሳር ሬሳ አጠገብ አቁሞ፣ ዘውድ ሦስት ጊዜ ቀርቦለት ሦስት ጊዜ እንቢ ያለ ሰው ሥልጣን ወዳድ ይባል እንደ ሆነ የሮማን ሕዝብ ያስጠይቀዋል፤ መልሱ በቃል ሳይሆን በእሳት ይመጣና ከተማዪቱ ትታወካለች። ጸጋዬ ወደ አማርኛ የመለሰው የሐምሌት ዝነኛ ጥያቄ ግን፣ ብዙዎች ለተጠየቅ ምሳሌ አድርገው ቢጠቅሱትም፣ እኔ ከዚህ ወገን አልቈጥረውም፤ ልዑሉ መልሱን በእውነት አያውቀውምና። ምልክቱ አንድ ሆኖ ባሕርዩ የተለየ ነው። አበው «ትእምርተ ስላቅ» የሚሉት የተገለበጠ ቃለ አጋኖ (¡) ከጽሕፈታችን መጥፋቱ የሚያስቈጨኝም ስለዚህ ነው፤ ስንቱ ተጠየቅ ከጥያቄ ምልክት ይልቅ እርሱ ይስማማው ነበር።

የዘመኑ ወጣት ገጣሚዎች ተጠየቅን እጅግ ይወዳሉ፤ ፍቅራቸውም ሳይጐዳው አልቀረም። የተሟጋቹ ጥያቄ የሚነድፈው ሰሚው መግቢያ መውጫ ካጣ በኋላ ሲመጣ ብቻ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ አንዳች ነገር ሳያሳዩ ጥያቄ መደርደር በሩን ሁሉ ክፍት ትቶ በግ መንዳት ነው። ባለፈው ዓመት በቦሌ መድኃኔ ዓለም አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አዳራሽ በተደረገ የግጥም ምሽት፣ መልካም ድምፅ ያለው አንድ ወጣት ወደ መድረክ ወጥቶ፣ ከወዴት መጣን፣ ወዴትስ እንሄዳለን፣ ማንስ ይመልሰናል እያለ ሰባት ያህል ጥያቄ ካወረደ በኋላ፣ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ «ከወዴት መጣን?» ሲል ደገመና ረጅም ዝምታ አደረገ። በፊተኛው ረድፍ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዝምታው ለእርሳቸው የተተወ መስሏቸው ኖሮ፣ «እኔ እንኳ ከገርጂ ነው የመጣሁት፣ ልጄ፤ ቶሎ ካልጨረስህልን ታክሲ አላገኝም» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ልጁም ከእነርሱ ጋር ስቆ፣ በእጁ ካለው ወረቀት ሁለቱን ገጽ ዘሎ የመጨረሻውን አነበበ።