የአንድ አኃዝ ነገር

ባለፈው ሳምንት ቁጥር ስንጽፍ፣ 6 ብለን 9፣ 9 ብለን 6 እየጻፍን ተሳስቀናል። ዛሬ ግን አንዲት አኃዝ መሳት ምን እንደምታመጣ እንነግራችኋለን።

አብረውን ከሚማሩት እናቶች አንዷ ልጃቸውን ሊያርሱ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። አንድ ምሽት ልጅቱን ምጥ ያዛት። ባሏ ሥራ ላይ ነው። ሦስት የስልክ ቁጥሮች ግን በሩ ላይ በጠመኔ ጽፏል፤ 905፣ 906፣ 907።

እናታችን በጥድፊያ 906 ደወሉ።

«የት ነው ውኃ የፈሰሰው?» አላቸው ስልኩን ያነሣው ሰው።

«ኧረ የልጄ የእንሽርት ውኃ ነው! ቶሎ ድረሱልኝ!»

ሰውየው ነገሩ ገባው። «እናቴ፣ ይህ የውኃና ፍሳሽ ነው። ለአምቡላንስ 907 ይደውሉ» አላቸው። ደወሉ፤ አምቡላንስ መጣ። ልጅቱም በሰላም ተገላገለች። «ያቺ 6 ልታስጨርሰኝ ነበር» ይላሉ ዛሬ እየሳቁ።

እንግዲህ የአዲስ አበባን ቁጥሮች አብረን እናንብብ። በስልክ ላይ አኃዞቹን አንድ በአንድ ነው የምንነካው። 907 ማለት ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ሰባት ነው።

ነፍስ ለማዳን፦
907 — የቀይ መስቀል አምቡላንስ
939 — እሳትና ድንገተኛ አደጋ
991 — ፖሊስ

ለሌላ ጉዳይ፦
905 — መብራት ሲጠፋ
906 — የውኃ ቧንቧ ሲፈነዳ
952 — ስለ ጤና ምክር ለመጠየቅ

ከመደወል በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ አሁን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ወይ? ከሆነ ከላይኞቹ ሦስት አንዱን እንደውላለን። ካልሆነ ከታችኞቹ። የኤሌክትሪክ ሽቦ እሳት ቢያስነሣ፣ «ይሄ የመብራት ጉዳይ ነው» ብለን 905 አንደውልም። እሳት ነውና 939 ነው። ውኃም አይደፋበትም፤ ኤሌክትሪክ በውኃ ይተላለፋል፣ ሰው ይገድላል። መብራት ስለጠፋ ብቻ ደግሞ 939 አንደውልም። እኛ መስመሩን ስንይዝ፣ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ስልክ ሊያዝበት ይችላል።

ስልኩ ሲነሣ ምን እንበል? መጀመሪያ ምን እንደደረሰ። ቀጥሎ የት እንደሆነ፦ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ በአቅራቢያ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት። «ጨርሰናል» ሳይሉን ስልኩን አንዝጋ። አንድ ሰው ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን ይምራ።

«እኛ ገጠር ነን፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ልጆቻችን ከተማ ናቸው፤ እኛም ለሕክምና፣ ለገበያ እንሄዳለን። በብዙ ወረዳዎችም አምቡላንስ አለ፤ የሚጠራበት ቁጥር ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ምጥ ከመጣ በኋላ ቁጥር ፍለጋ አይኬድም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ የወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥር ጠይቃችሁ በትልቁ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ከዚያም ለቤተሰቡ ጮክ ብላችሁ፣ አኃዝ በአኃዝ አንብቡ።